ሯጮቻችን ምን በልተው አሸነፉ? የሩጫና የማዕድ ታሪካችን ከአምቦ እስከ ጀልዱ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ሆነዋል። «ዶክተር፣ ሩጫ ልጀምር ነው፤ የትኛውን የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?» «እንጀራ ያወፍራል ይባላል፤ ላቁም ወይ?» «የእኛ ሯጮች ግን ምን እየበሉ ነው እንዲህ የሚሮጡት?»

የመጨረሻውን ጥያቄ ወደድኩት። ለሌሎቹም መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተለመደውን ምክር ከመዘርዘሬ በፊት ታሪካችንን እናያለን። ከምዕራብ ሸዋ እንነሳለን፤ ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከሆለታና ከጀልዱ መንገድ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ምክሩን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሀገረ ሕይወት

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወጣቶቻችን ላያስታውሱት ይችላሉ እንጂ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ነበር። ለፍል ውኃዋ የሚስማማ ስም ነው። ሕመምተኛው ለመዳን፣ ጤነኛውም ድካሙን ለማውጣት ወደ ፍል ውኃው ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ የማዕድን ውኃዋ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በመላው ሀገሪቱ ሰው «አምቦ ስጠኝ» ሲል ከተማዋን ሳይሆን ውኃዋን ነው የሚጠራው።

እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልበል። ሙቅ ውኃ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፤ ይህ እውነት ነው። ጋዝ ያለው የማዕድን ውኃም ከምግብ በኋላ ብዙ ሰው ቀለል እንዲለው ያደርጋል። ነገር ግን በውስጡ ሶዲየም ስላለ የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ ተራ ውኃ ሊጠጣው አይገባም። ሐኪሙን ይጠይቅ። ሎሚና ሌላ ጣዕም ተጨምሮበት የሚሸጥ ሲሆን ደግሞ ስኳር እንዳለበትና እንደሌለበት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ሰው ጤናን ፍለጋ ወደ ውኃው ይምጣ እንጂ ትልቁ መድኃኒት ሌላ ቦታ ነበር። ወደ አምቦ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕዝብ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ያንን መድኃኒት ማንም በጠርሙስ አላሸገውም። አሁን ስናጣው ነው ዋጋውን ያወቅነው።

እግር መጓጓዣ በነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ስለ ትውልድ ቦታቸው፣ ስለ ቋንቋቸውና በልጅነታቸው እንዴት ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር ጠየቁ። አትሌት ካልሆኑ 111 ኢትዮጵያውያን ጋርም አነጻጸሯቸው። ውጤቱ ይህ ነበር፦

👉 ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶ የሚሆኑት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ናቸው። አትሌት ካልሆኑት ውስጥ ግን ከእነዚህ አካባቢዎች የመጡት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ።

👉 ከማራቶን ሯጮቹ 68 በመቶ የሚሆኑት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነበር። አትሌት ካልሆኑት ውስጥ እንዲህ ያደርጉ የነበሩት 24 በመቶ ናቸው። የሯጮቹ መንገድም ይረዝም ነበር።

ሸዋ እዚህ ላይ መጠቀሷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አርሲን ሁሉም ያውቃታል፤ በቆጂ ስትባል ደራርቱና ጥሩነሽ ይታወሳሉ። ምዕራብ ሸዋ ግን የራሷ ልጆች አሏት። ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደው ጀልዱ ነው። ጀልዱን የሚያውቅ ሰው ብርዱን፣ ዳገቱንና ጭቃውን ያውቃል። ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በሪዮ ኦሎምፒክ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቶ ብር ወሰደ። መጨረሻው መስመር ላይ ክንዶቹን አጣምሮ ያሳየውን ምልክት ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ብዙ ተጽፎበታልም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እግሩና ስለ ሳንባው ነው።

«ከፍታው ነው ሚስጥሩ» የሚሉ አሉ። ከፍታ ይረዳል። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ያደገ ሰውነት ያለችውን ኦክስጅን ቆጥቦ መጠቀም ይለምዳል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሚሊዮኖች ሕዝብ ሁሉ ሯጭ አልሆነም። ከፍታው ላይ መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ከፍታው ላይ በየቀኑ መንቀሳቀስ ነው ልዩነቱ። በሰባት ዓመቷ ጠዋትና ማታ በእግሯ የምትመላለስ ልጅ ልቧ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይለምዳል፤ ጡንቻዋም ስኳርና ስብ ማቃጠል ይማራል። አጥንቷ ይጠነክራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም «ስፖርት ሥሪ» ሳይላት ነው።

አበበ፣ ማሞና የጦር ሠራዊቱ ሥልጠና

ልማዱ ብቻውን ግን ኦሎምፒክ አያደርስም። ሥልጠናም ያስፈልጋል። እሱም የራሱ ታሪክ አለው። በ1927 ዓ.ም. ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ከስዊድን ብዙ አሠልጣኞች መጡ። ከእነሱ አንዱ ኦኒ ኒስካነን ነበር፤ አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ሰው። አበበም ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ማሞ ያኔ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጧል። አልቀናውም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ የለም። ሐኪምን የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1957 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቶኪዮ ሊሄድ ሲል ትርፍ አንጀቱ ታመመበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አዲስ ሰዓት አስመዝግቦ አሸነፈ። ሲጨርስም ሜዳው ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ይህን ሰምታችሁ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለመሮጥ እንዳትነሱ! አበበ በዓመታት ሥልጠና የተገነባ ሰውነት ነበረው፤ የሚከታተሉት ሰዎችም ነበሩት። ከታሪኩ የምንወስደው ሌላ ትምህርት ነው። አስቀድሞ የጠነከረ ሰውነት ሕመምንም ቀዶ ሕክምናንም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ቶሎም ያገግማል። ጤናችሁን የምታጠራቅሙት ደህና በሆናችሁበት ጊዜ ነው።

ማሞ ወልዴስ? ሜልቦርን ላይ ያልቀናው ማሞ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ዕድሜው 36 ነበር። «ዶክተር፣ ሠላሳ አምስት አለፈኝ፤ ከእንግዲህ ምን እሮጣለሁ?» የምትሉኝ ሰዎች ይህችን ቁጥር ያዟት።

እኅቶቼ ደግሞ ደራርቱን አስታውሱ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ዛሬም በከተሞቻችን ሴት ልጅ ጠዋት ስትሮጥ ዞር ብሎ የሚያይ፣ የሚላከፍም አይጠፋም። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ውጡ፤ ዓይኑ ይለምደዋል።

መሶቡ ላይ ምን ነበር?

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት አሥር ታዋቂ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ለአንድ ሳምንት የሚበሉትን መዘነ። ከምግባቸው ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 23 በመቶው ከስብ፣ 12 በመቶው ብቻ ከፕሮቲን ነበር።

ደግማችሁ አንብቡት። «እንጀራ ያወፍራል» እየተባለ በሚነገርበት ሀገር የዓለም ምርጥ ሯጮች ከኃይላቸው ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን የሚያገኙት እንደ እንጀራና ዳቦ ካለ ምግብ ነው። የሚያወፍረው እንጀራው አይደለም፤ በልቶ መቀመጡ ነው።

በአካባቢያችን ማዕድ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እንይ፦

ጤፍ። ብረትና ካልሲየም አለው፤ ግሉተን የለውም። ከሽሮና ከምስር ጋር ሲበላ ደግሞ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ በጤፍ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬው ውስጥ አለ። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ እንጀራን በሽሮ ማቅረባቸው ለሰውነት የሚስማማ ጥምረት ነበር። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ከምግቡ ጋር ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ከጠጣችሁ ብረቱ በደንብ አይሰርጽም። አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ለነፍሰ ጡሮችና ለወጣት ሴቶች ይህ በጣም ያስፈልጋል።

ገብስ። በሶ የዘማችና የመንገደኛ ስንቅ ነበር። ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ አይበላሽም፤ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። የገብስ አሰር ኮሌስትሮልን ይቀንሳል፤ ስኳርም ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። በውድ የምትገዙት «የስፖርተኛ መጠጥ» ውስጥ ያለው ዋና ነገር ውኃ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ነው። ለአንድ ሰዓት ሩጫ ውኃ ይበቃል፤ ከሩጫ በኋላ በሶ ከተገኘ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ጭኮና ጩምቦ ግን ቅቤያቸው ብዙ ስለሆነ ለበዓልና ለእንግዳ ይሁኑ። የጥንቱ ሰው ጭኮ በልቶ ቀኑን ሙሉ ይጓዝ ነበር፤ እኛ በልተን ሶፋ ላይ ነን።

ቆጮ። በወንጪና በደንዲ በኩል እንሰት የብዙ ቤት መከታ ነው። ድርቅን ይቋቋማል፤ ኃይልም ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን አይበላ፤ ጎመን፣ አይብ፣ ባቄላ ይጨመርበት። በተለይ ለልጆች።

ድንች። ወደ ሀገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው። ዛሬ የጀልዱ ገበሬዎች የዘር ድንች አምራችነት የታወቀ ነው፤ የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ ዝርያዎች አውጥቷል። የተቀቀለ ድንች ጥሩ ምግብ ነው። መንገድ ዳር በተደጋገመ ዘይት ሲጠበስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ጫማ አንድ ነገር

የአበበን ባዶ እግር ስናወድስ አንድ ሕመም እንዳንረሳ። ቀይ አፈር ባለባቸው፣ ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ለዓመታት ተመራምሮ ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች መሆናቸውን አሳየ፤ ሕመሙንም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። እዚህ ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል። በምዕራቡ የሀገራችን ክፍል ዛሬም አለ። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል።

አበበም ቢሆን ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው፤ ሰዓቱም በሦስት ደቂቃ ተሻለ። ውድ ጫማ አያስፈልግም። ተረከዙ ያላለቀ፣ ጣት የማያጨናንቅ ይሁን።

ታዲያ ምን ተለወጠ?

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ስኳር ለብዙው ቤት ብርቅ ነበር፤ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ዛሬ በአንድ ሲኒ ሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን አራት ሲኒ ከጠጣ 12 ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም ገደማ ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚህ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቢቻል በግማሽ ይቀነስ ይላል። ለስላሳውን ገና አልቆጠርነውም።

ዘይቱም ተለወጠ። የኑግ ዘይት በየአካባቢው ይጨመቅ ነበር። ከዚያ ከውጭ የሚገባው፣ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ገበያውን ያዘ። ከስቡ ግማሽ የሚጠጋው ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ዋጋው ስለሚቀል ሰው ቢገዛው አልፈርድም፤ መጠኑን መቀነስ ግን በእጃችን ነው።

ከሁሉ በላይ የተለወጠው መንገዱ ነው። ባጃጅ መጣ፤ ለነፍሰ ጡሯና ለአረጋዊው በረከት ነው። ነገር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ መንገድ ወጣቱም ባጃጅ ይጠብቃል። አያቱ ለገበያ የሄዱበትን መንገድ የልጅ ልጅ በዓመት አንዴ እንኳ በእግሩ አይሄደውም።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አብዛኞቹ አያውቁትም ነበር። የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ የማይበሉት ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ናቸው። ጎመን በየጓሮው በሚበቅልበት ሀገር!

ደም ግፊት አያምም። ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ሰው ደህና ነኝ እያለ አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ቤት የሚያስተዳድር አባት ሲወድቅ ቤቱም አብሮ ይወድቃል። የሯጮች ሀገር ልጆች በአርባ ዓመታቸው በስትሮክ መውደቅ የለባቸውም።

ከታሪኩ ወደ ኑሯችን

👉 መንገዱን መልሱ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ መነሻ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን። ለሥራ ወይም ለገበያ የምትሄዱትን ከባጃጅ ወርዳችሁ በእግር አድርጉት፤ ግማሹ ተሞላ።

👉 ሩጫን በእርምጃ ጀምሩ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ለ20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በየሳምንቱ ሶምሶማውን ጥቂት ጨምሩ። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል፤ ቀንሱ። ከቆላ የመጣችሁ ከሆነ ለከፍታው ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት።

👉 ቁርስ። ከሩጫ በኋላ በሶ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ (ቅቤው ይነስ)፣ እንቁላል ወይም የተቀቀለ ድንች። የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልጋችሁም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ወተት አሉላችሁ።

👉 ጾም ላይ ያላችሁ ሩጫውን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አቅርቡት ወይም አቅልሉት። ጾም ሲፈታም መጀመሪያ ውኃ።

👉 ጨው በቀን ከ5 ግራም አይብለጥ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው፤ በወጡ፣ በዳቦውና በሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ። የምትጠቀሙት አዮዲን ያለበት ይሁን።

👉 ስኳሩን በማንኪያ ቀንሱ። ሦስት የነበረ በዚህ ሳምንት ሁለት፣ በሚቀጥለው ወር አንድ። ምላስ ይለምዳል።

👉 ተለኩ። 30 ዓመት ያለፋችሁ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊታችሁን አስለኩ። በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል።

⚠️ ስትሮጡ ደረት የሚያስጨንቅ፣ የሚያዞር ወይም ራስን የሚያስት ነገር ካጋጠማችሁ አቁሙና ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ። መድኃኒታችሁን «ሩጫ ጀምሬያለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሯጮቻችን ምን በልተው አሸነፉ ላላችሁኝ፣ እናንተ ቤት ያለውን ነው የበሉት። የሚለያችሁ መንገዱ ነው። መንገዱ ደግሞ አሁንም ከደጃችሁ ይጀምራል።

ነገ ጠዋት ወላጆቻችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከየት እስከ የት እንደሄዳችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ጊንጪም ሁኑ ጉደር፣ ሆለታም ሁኑ አዲስ አበባ ወይም ከሀገር ውጭ። ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አካፍሉ።

ጤና ይስጥልን!